ጋሽ ካሮሊስ ድኝ ማጨስ የተዉበት ምክንያት

ዕድሜውን ልጆች ሲያስተምር የኖረ ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራው ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ የጎረቤት ክርክር መስማት ነው ብዬ እመልስለታለሁ። ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ እስከ ዛሬ የማመሰግንበት ግን አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ያገኘሁት ዝናብ አባሮኝ ነው።

ወሩ ግንቦት ነበር። በደሴታችን ደቡብ ከምትገኘው ከባላፒቲያ ከተማ ወደ መንደራችን በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ደርሼ ጃንጥላዬን ሳጥፍ፣ ጋሽ ካሮሊስ ቀድመውኝ በረንዳው ላይ ቆመዋል። የተሸከሙትን የቀረፋ ዘንግ እስር ግድግዳው ላይ አስደግፈውታል። ጋሽ ካሮሊስ በአካባቢያችን ካሉት ቀረፋ ላጮች ሁሉ በእጃቸው የታወቁ ናቸው፤ እሳቸው የጠቀለሉት ቀረፋ ከእርሳስ አይወፍርም፣ ልስላሴውም እንደ ወረቀት ነው።

«መምህር፣ ዝናቡ የተማረ ሰው አይለይም ማለት ነው» አሉኝ እየሳቁ።

«እርስዎንስ መች ለየ?»

«እኔንማ ይወደኛል። ዝናብ ካልጣለ ልጡ ከእንጨቱ አይላቀቅም። ቀዩ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ሆኗል፣ ዝናቡም መጥቷል፤ እንግዲህ በዚህ ሰሞን ቢላዋ የያዘ ሁሉ ንጉሥ ነው።»

ይህን ስንጨዋወት አውቶቡስ ቆመና አንዲት ወጣት ሻንጣዋን ራሷ ላይ ደፍታ ወደ በረንዳው ሮጠች። ሶማላታ ነበረች፤ የጋሽ ካሮሊስ እኅት የሮሳሊን ልጅ፣ የእኔም የቀድሞ ተማሪ። ጋሌ ከተማ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ መመለሷ ነው። ሁለት እጇን አገናኝታ እጅ ነሣችን።

«ተባረኪ» አሉ አጎቷ። «ከሳሽ እኮ! ጋሌ ውስጥ ሩዝ የለም እንዴ?»

«ሩዝስ ሞልቷል አጎቴ፤ የጠፋው የመብያ ጊዜ ነው። አክስቴ እንዴት ናቸው? ሳሉ ተሻላቸው?»

«የቱ ሳል?»

ልጅቱ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ወደ ዝናቡ አየሁ። የባለቤታቸውን የእትዬ ፖዲኖናን ሳል የማያውቅ በመንደራችን አልነበረም።

«እ፣ እሱን ነው?» አሉ ጋሽ ካሮሊስ። «እሱማ አመሏ ነው። አንዱ ሰው ያንኮራፋል፣ አንዱ ያፏጫል፣ የእኔዋ ትስላለች።»

የተቆረጠ ቀረፋ ሳይላጥ አያድርምና፣ ዝናቡ ጋብ እንዳለ ሦስታችንም ተያይዘን ወደ ቤታቸው ሄድን።

ያቺን ቤት ብዙ ጊዜ ገብቼባታለሁ፤ ያን ዕለት ግን በልጅቱ ዓይን አየኋት። የሚላጠውም፣ የሚበላውም፣ የሚተኛውም እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። እርጥቡ ጥቅል ከጣሪያው ሥር በተወጠረ ገመድ ላይ ተደርድሯል፤ የደረቀው ታስሮ ከአልጋው ሥር ተገፍቷል። ጥግ ላይ ድኝ የሚጤስበት ገል ተቀምጧል። መስኮቷ ጭሱ እንዳያመልጥ በጆንያ ተወትፋለች። እትዬ ፖዲኖና ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለው የዘንጉን የላይ ቆዳ ይፍቁ ነበር። ሻይ ሊያፈሉልን ሲነሡ ሳሉ ያዛቸው፤ የበሩን መቃን ጨብጠው እስኪያልፍ ጠበቁ።

ሶማላታ ከመቀመጧ በፊት ጆሮዋን በአክስቷ ጀርባ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

«አጎቴ፣ ይህን ድኝ መቼ መቼ ያጨሱታል?»

«ጥቅል በደረቀ ቁጥር።»

«አክስቴ ያን ጊዜ የት ናቸው?»

«የት ትሆናለች? ቤቷ ውስጥ ናታ! ጓዳዋን ለማን ትታ ትሄዳለች?»

«ጭሱ ሳንባቸውን አቃጥሎታል። ስሰማው እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። እባክዎ፣ ይህን ነገር ይተዉት።»

ጋሽ ካሮሊስ የነሐስ ዘንጋቸውን አንሥተው ልጡ ከእንጨቱ እንዲላቀቅ ያሹት ጀመር። ሲቆጡ እጃቸው ይፈጥናል።

«ስሚ ልጄ። ከአባቴ የወረስኩት ሦስት ነገር ነው፤ ይህን ነሐስ፣ ይህን ቢላዋ፣ ያንን ድኝ። ድኝ ነቀዝ ይከላከላል፣ ሻጋታ ያርቃል፣ መልኩንም ወርቅ ያስመስለዋል። ነጋዴው የሚፈልገው ወርቁን ነው። አንቺ ነጭ ልብስ ስለለበስሽ ቀረፋ ልታስተምሪኝ ነው? ስትወለጂ እኮ ያቀፍኩሽ በዚህ በቀረፋ በሸተተ እጄ ነው!»

«እጅዎንማ እወደዋለሁ፤ የተጣላሁት ከገሉ ጋር ነው።»

«አባቴ ይህንኑ እያጨሰ ሰማንያ አንድ ዓመት ኖሯል። እንዴት አልገደለውም?»

ልጅቱ ጥቂት አሰበችና በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀች። «አያቴ ቀን ቀን የት ነበር የሚውሉት?»

«ዱር ነዋ! ሲቆርጥ።»

«ቤቱን ዘግተው ከጭሱ ጋር የሚውሉትስ?»

«እናቴ።»

«እሳቸው ስንት ዓመት ኖሩ?»

የነሐሱ ዘንግ ቆመ። «አርባ ስድስት» አሉ ጋሽ ካሮሊስ።

«በምን ሞቱ?»

እትዬ ፖዲኖና ሻይ ይዘው ገቡ። በመጨረሻ ጋሽ ካሮሊስ «ዕጣዋ ነው። በቀደመ ሕይወቷ የሠራችው ተከትሏት ነው» አሉ።

«አጎቴ፣ ዕጣ ክብሪት አይጭርም» አለች ሶማላታ።

ነገሩ ወደ ጠብ እንዳይሄድ እኔ መካከል ገባሁ። «እኔ ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ሲከራከሩ፣ ዝም በሉና ሞክሩት እላቸው ነበር» አልኩ። «እትዬ ፖዲኖና ለሁለት ሳምንት ያህል ከሮሳሊን ጋር ይሰንብቱ። ሳሉ አመል ከሆነ፣ አመል ሰውን ተከትሎ ይሄዳል። ጭሱ ከሆነ ደግሞ እዚሁ ይቀራል።»

ጋሽ ካሮሊስ ሳቁ። «ትሂዳ! ሳሏን በመቀነቷ ቋጥራ ስትመለስ እናያለን።»

እትዬ ፖዲኖና ግን አልሳቁም። ሻዩን አስቀምጠው፣ ቅያሪ ልብሳቸውን ለመጠቅለል ወደ ጓዳ ገቡ። ቶሎ መጠቅለላቸውን ሳይ፣ ትሂድ የሚለውን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቁ ገባኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሽ ካሮሊስ ልጣጩ እሾሃማ የሆነ አንድ ግዙፍ የበሰለ የጃክ ፍሬ እንደ ሕፃን ታቅፈው ደጄ ቆሙ። ጺማቸው አድጓል፤ ሸሚዛቸው ላይ የተቃጠለ የምስር ወጥ ፈሷል።

«ይህን ለእኅቴ ላደርስ ነው» አሉኝ። «መንገድዎ ከሆነ አብረን እንሂድ ብዬ ነው።»

መንገዴ አልነበረም፤ ቢሆንም ሄድኩ። ከሮሳሊን አጥር አጠገብ ስንደርስ ጋሽ ካሮሊስ ድንገት ቆመው ጆሯቸውን ጣሉ።

«የለችም» አሉ።

«ማን?»

«ፖዲኖና። ወንዝ ወርዳ ይሆናል።»

«በምን አወቁ?»

«አልሰማኋትማ።»

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ፣ ከእኛ አምስት እርምጃ ሳይርቅ፣ የሴት ድምፅ ተሰማ። እትዬ ፖዲኖና ነበሩ። ኮኮናት እየፈቀፈቁ፣ ጋሽ ካሮሊስ ለሠርጋቸው በተዋሱት ጫማ ምክንያት እንዴት እያነከሱ እንደገቡ፣ ሙሽራዋ እሳቸው ራሳቸውም ለአንካሳ ዳሩኝ ብለው እንዴት እንዳለቀሱ ለሮሳሊን ያወራሉ። ወሬው ረጅም ነበር። አንድም ቦታ ሳይቆራረጥ ወረደ፤ መጨረሻው ላይ ሁለቱም ሴቶች በሳቅ ፈነዱ፤ ሳቁም አልቆ ሳል አልተከተለውም።

ጋሽ ካሮሊስ የጃክ ፍሬውን መሬት አስቀምጠው እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ።

«መምህር፣ ይህቺ ሴት ይህን ያህል ታወራለች እንዴ?»

«ትንፋሽ ሲኖራት» አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ላይ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ቤት ውስጥ ሚስታቸው የት እንዳለች ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያውቁት በሳሏ ኖሯል። ሳሉ ሲጠፋ ሴትየዋም የጠፋች መሰላቸው።

ገባን። ጋሽ ካሮሊስ ሚስታቸውን ቆመው ሲያዩ ከቆዩ በኋላ «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ዝም አይነቅዝም ብዬ» አሉ እትዬ ፖዲኖና። «አገሩ ሁሉ እጅህን ሲያወድስ፣ እኔ ደግሞ ሙያህ ገደለኝ ብዬ ላዋርድህ?»

«ቀረፋው እንዳይነቅዝ ስል…» ብለው ጋሽ ካሮሊስ ሚስታቸው አጠገብ ተቀመጡ።

ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለበሽታ ግን አይሠራም። በበሽታ ላይ የተከደነ ዝምታ ከውስጥ ይነቅዛል፤ ሲሰበር ነው ዱቄቱ የሚታየው።

ልጅቱ በመንደራችን ጤና ጣቢያ ከጀመረችው ሥራ ስትመለስ አጎቷን ሚስታቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኘቻቸው። «ድኙን ትቻለሁ» አሏት፤ «ሌላ ትእዛዝ አለሽ?»

«ትእዛዝ አይደለም፣ ልመና ነው። ከማጀቱ በስተኋላ አንድ ዳስ ይሠራ፤ ቀረፋው እዚያ ይላጥ፣ እዚያ ይድረቅ። ከአልጋ ሥር ይውጣ። ሰው አፍ የሚገባ ነገር እኮ ነው! ከወለል ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ይላጥ፤ ከመነካቱ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። እርስዎም ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ወገብዎ ሲነሡ እንዴት እንደሚያደርግዎ አይቻለሁ።»

በዳሱ ተስማሙ፤ ሳሙናውንም ተቀበሉ። ወንበር የሚለውን ሲሰሙ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወንበሩ ይቅር።»

«ምነው አጎቴ?»

ጋሽ ካሮሊስ ወደ እኔ ዞሩ፤ ለእሷ መናገር የከበዳቸው ይመስላል። «መምህር፣ አባቴ ቀረፋ ተሸክሞ ባለርስቱ ቤት ሲሄድ እከተለው ነበር። ወንበር ሰጥተውት አያውቁም። ቀረፋ ላጭ ቦታው ወለል ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የላጠው ቀረፋ ከውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያያል። አሁን እኔ ወንበር ላይ ብወጣ፣ አባቴን ወለል ላይ ትቼው የተነሣሁ ይመስለኛል።»

የእሳቸውን እልኸኝነት ሁሌም የድንቁርና ነገር ነው እያልኩ አልፈው ነበር፤ ፍቅር መሆኑን ግን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት።

ሶማላታ ቀረብ ብላ እጃቸውን ያዘች። «አያቴን ወለል ላይ ያስቀመጧቸው የናቋቸው ሰዎች ናቸው። ሰዎቹ ሞተዋል። ታዲያ እርስዎ የእነሱን ትእዛዝ ለምን ይጠብቁላቸዋል?»

ጋሽ ካሮሊስ ለሚስታቸው «ይህቺ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረባት» አሉና ተነሡ፤ ሲነሡም ወገባቸውን ያዙ፤ መያዛቸውንም ሁላችን ማየታችንን አዩ። «እሺ፣ እሺ! ወንበርም ይሁን!»

ዳሱ በሦስት ሳምንት ቆመ። የጃክ እንጨት ጠረጴዛውን ያበጀው ጎረቤታቸው ዲዮኒስ ነው፤ እሱም ቀረፋ ላጭ ነው። መንደሩን ሁሉ እየዞረ «ካሮሊስ ለቀረፋው ዙፋን አሠራለት፤ ከነገ ወዲያ ዘውድ ይጭንለታል» እያለ አሳቀብን።

ሁሉም ነገር ወዲያው ተሳካ ብል እውነት አይሆንም። የመጀመሪያው ጥቅል ሻገተ። ጋሽ ካሮሊስ አረንጓዴውን ጥቅል ይዘው የጤና ጣቢያው በር ድረስ መጡ።

«ይኸውልሽ! ድኝ ቢኖር ይህ ይሆን ነበር?»

ሌላ የተማረ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር። ሶማላታ ግን ጥቅሉን አገላብጣ አየችና «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «አቧራ እንዳይገባ ብዬ ዳሱን አብዝቼ አስዘጋሁት። እኔ ነርስ ነኝ እንጂ ቀረፋ ላጭ አይደለሁም። እርስዎ ይንገሩኝ፣ ነፋሱ በየት በኩል ቢገባ ይሻላል?»

ጋሽ ካሮሊስ ቁጣቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። «ነፋስ…» አሉ፤ «ነፋስማ ከባሕሩ በኩል ነው። በዚህ ወር ከሰዓት በኋላ ይነሣል። የምዕራቡ ግድግዳ ከላይ መከፈት አለበት። ገመዱም ዝቅ ይበል፣ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ እንዴት ይደርቃል?» እየተናገሩ መንገድ ጀመሩ፤ ዲዮኒስን ጠርተው በዚያው ቀን ግድግዳውን አስከፈቱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳሱ የሶማላታ መሆኑ ቀርቶ የእሳቸው ሆነ።

ነጋዴው ሄንድሪክ ሲመጣ እኔም ነበርኩ። አንድ ጥቅል አንሥቶ ከንፈሩን ጣለ።

«ካሮሊስ፣ ይህ ቢጫ አይደለም።»

«ቢጫማ የታመመ ሰው ነው።»

«ድኝ አላገኘም። መጋዘኔ ውስጥ ይነቅዝብኛል።»

ጋሽ ካሮሊስ ከወንበራቸው ሳይነሡ አንዱን ጥቅል ጆሮው ሥር ቀጭ አድርገው ሰበሩት። «ሰማህ? ይህ የደረቀ ነው። ድኝ የሚያስፈልገው ሳይደርቅ ለመሸጥ ለሚቸኩል ሰው ነው። አሁን ደግሞ አሽትተው። ዕድሜህን ሙሉ ቀረፋ ስትነግድ ድኝ ስታሸት ነው የኖርከው፤ እስቲ ዛሬ ቀረፋ ምን እንደሚሸት እወቅ።»

ሄንድሪክ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። አንድ እስር ለሙከራ ወስዶ፣ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ሲመላለስ መጋዘኑ ውስጥ አቆየው፤ አንድም ነቀዝ አልነካውም። ባሕር ማዶ ያሉት ገዢዎቹም የድኝ ሽታ ያለበትን መመለስ ጀምረው ኖሮ፣ በዚያው ዓመት ራሱ መጥቶ ዳስ ያላቸው ሌሎች ላጮች አሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ የቀልዱ ባለቤት ዲዮኒስ ለራሱ ጠረጴዛ እንጨት ይሰነጥቅ ነበር። ወለል ላይ መላጥ ይሻላል የሚል ሽማግሌ ሲመጣም፣ የሚከራከሩት ጋሽ ካሮሊስ ሆኑ፤ «እናትህ ስንት ዓመት ኖረች?» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ከዚህ ለውጥ የተገኘውን ጥቅም ልንገራችሁ። ቤቱ የሰው ቤት ሆነ፤ መስኮቱ ተከፈተ። የእትዬ ፖዲኖና ሳንባ እንደ ወጣት ባይሆንም፣ የጤና ጣቢያው ሐኪም መድኃኒት ጨምሮላቸው ወደ ቤተ መቅደሱ የሚያወጣውን ደረጃ ሁለት ጊዜ ብቻ አርፈው ይወጡታል። ጋሽ ካሮሊስ ወለል ላይ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ሊያቆሙት የነበረውን ሥራ፣ ወንበር ላይ ሆነው ቀጥለውበታል። የቀረፋ ላጭ ልጅ መባል አሳፍሯቸው ወደ ከተማ ከሸሹት ወጣቶችም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ተመልሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ይማራሉ። የሚጎነበሱበት ሙያ መሆኑ ሲቀር፣ የሚያፍሩበት መሆኑም ቀረ።

በሚያዝያ በሚውለው አዲስ ዓመታችን በሮሳሊን ቤት ተሰብስበን ነበር። በባህላችን በዚያን ቀን ታናሽ ለታላቁ፣ ተማሪም ለመምህሩ፣ ቡላት የሚባል የሚታኘክ ቅጠል እስር በሁለት እጁ ይሰጥና ምርቃት ይቀበላል። ሶማላታ ለአጎቷ ልትሰጥ ስትነሣ ጋሽ ካሮሊስ ቀደሟት። ከኋላቸው ደብቀው የያዙትን እስር አውጥተው፣ በሁለት እጃቸው ወደ እሷ ዘረጉት።

«ኧረ አጎቴ! ነውር ነው! ሰው ምን ይላል?» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ቅጠሉ የመምህር ድርሻ ነው» አሉ ጋሽ ካሮሊስ። «መምህር ደግሞ በዕድሜ አይለካም፤ ይኸው እኒህም ይመስክሩ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከተማሪዎቼ ቅጠል ስቀበል የኖርኩት እኔም መሰከርኩ።

ሶማላታ ወደ አክስቷ አየች። እትዬ ፖዲኖና ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ተቀበዪው ልጄ» አሉ፤ «ግማሹ የእኔ ምስጋና ነው።»

እሷም ቅጠሉን በሁለት እጇ ተቀበለች።